ሙዝ የገባበት ቅቤ

እማዬ፣ ሰላምታውን ሳላረዝም ወደ ቅቤው ልግባ። ሚሚ በድምፅ የላከችውን ትናንት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ለሠርጉ የተገዛው ቅቤ ሲነጠር ከሥሩ እንደ ገንፎ ያለ ነገር ቀረ አለችኝ። ሙዝ! የላክሁት ብር ለሙዝ ዋለ ማለት ነው። ወንድሜ ደግሞ «ቀደም ብለሽ ብትልኪ ከደንበኛችን እንገዛ ነበር» ይለኛል። እሺ፣ ዘግይቻለሁ። ግን እዚህም ደሞዝ ቀኑ ሳይደርስ አይገባም፣ እኔም ሰው ነኝ። ተዪው፣ ይሄን ልጽፍ አልነበረም።

አንቺ ብትኖሪ እኮ አይሸወዱም ነበር። ከጊዮርጊስ ታክሲ ይዘን መርካቶ ቅቤ ተራ ስንወርድ ትዝ ይልሻል? ነጋዴው ኮባውን ገልጦ «እናቴ፣ የሸኖ ነው!» ይላል። ሁሉም ቅቤ እኮ የሸኖ ነው፣ ከየትም ይምጣ። አንቺ መልስ አትሰጪም። ጣትሽን ከትተሽ የእጅሽ ጀርባ ላይ ታሺዋለሽ፣ ታሸቺዋለሽ፣ የቀረውን አናቴ ላይ ትጠርጊዋለሽ። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ግንባሬ ላይ ይወርድ ነበር። አሁን ጉልበትሽ እንደማያስኬድሽ ገብቶኛል። ግፊቱስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስጃለሽ? ሚሚ «ደህና ናት» ብቻ ነው የምትለኝ፣ እኔም «ደህና ነኝ» ብቻ ስለምላት መጠየቅ አልቻልኩም።

ያለሁበት ከተማ፣ የአየርላንዱ ኮርክ፣ የቅቤ ሙዚየም አለው ብልሽ ትስቂያለሽ። አንድ የዕረፍት ቀኔን እዚያ ዋልኩ። በፈረንጆቹ 1770 እዚህ ትልቅ የቅቤ ገበያ ተቋቋመ። ገበሬው ቅቤውን 25 ኪሎ ገደማ በሚይዝ የእንጨት በርሜል ያመጣል። መርማሪው ረጅም ብረት ሰዶ ከውስጥ ይስባል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ከዚያ ደረጃውን በርሜሉ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ላዩን ብቻ አይቶ አይፈርድም! ላዩ ለጋ፣ ሥሩ ሙዝ የሚባል ነገር እዚያ አያልፍም። ያ ቅቤ ጨው በዝቶበት በመርከብ እስከ ካሪቢያን ይሄድ ነበር፣ ገዢው ገበሬውን ሳያየው ምልክቱን አምኖ ይገዛል። ገበያው በ1924 ተዘጋ።

እኔ ግን ልቤን የወሰደው የሴቶቹ ማኅተም ነው። ላም ወይ አበባ የተቀረጸበት ትንሽ እንጨት ነው፣ ቅቤው እንዳይጣበቅበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጫኑታል። ይቅር ይበለኝና የቅዳሴ ኅብስቱ ትዝ አለኝ። ፊደል የማትቆጥር ገዢ እንኳ ላሟን አይታ የማን ቤት ቅቤ እንደሆነ ታውቃለች።

እኔ መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ጊዜ ማሸጊያው ያማረውን ገዛሁ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አነጠርኩ፣ ዶሮ ሠራሁ። ጨው ነበረው ለካ! አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለዶሮው ነው ብለሽ ያዢልኝ። ከአገር በሻንጣ እንዳይላክልኝ የወተት ነገር ማስገባት ክልክል ነው።

ሚሚን ለመዳር አልደርስም እማዬ። ፈቃድ አልተገኘም፣ ሌላ ምንም የለም፣ አትጨነቂ። ቬሎዋን በፎቶ አየሁት፣ ወገቡ ትንሽ ይጥበብ፣ እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትያት። ታናሼ ቀድማኝ አገባች ብለው ሰፈር የሚያወሩትንም ሰምቻለሁ፣ ያውሩ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ብር ልኬያለሁ። ይሄኛውን ለማንም እንዳትሰጪ። ኮንትራት ታክሲ ይዘሽ ራስሽ ሂጂ፣ ጣትሽን እስከ ሥሩ ክተቺ። ነጋዴው ቢቆጣ ይቆጣ። አንቺ ግን አሽትተሽ ተዪው፣ ሐኪሙ ያለሽን አልረሳሁም።

ስታነጥሩ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ስልኩን ድስቱ አጠገብ አድርጉት፣ ሲንተከተክ ልስማ።

ልጅሽ