ከስማችሁ ጀርባ ያለውን ጠይቁ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በባህላችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት እያልን ነው የምንቆጥረው። ውጭ አገር ያሉት ግን ፎርም ላይ የሞሉት የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖባቸው ይቀራል፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ይዘው ያድጋሉ። ታዲያ ስሙ ለምን እንደወጣ ማን ይንገራቸው?

ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉትን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሰው ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። ባለፈው ፋሲካ የአጎቴ ስም ሲነሳ እናቴ «እሱ እኮ ምትክ ነው» አለችኝ። ጀበናው እስኪፈላ ድረስ በሦስት ዓመቱ በኩፍኝ ስለሞተው ወንድሟ አወራችኝ። እንደዚህ ያለ አጎት እንደነበረኝ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ይህን ስጽፍም ሆዴ ይባባል።

የፈረስ ስምም አለ፤ ጀግናው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ የሚጠራበት። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የቅድመ አያቶቻችን ፈረሶችስ ማን ይባሉ ነበር?

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የአንድ ስም ታሪክ ይዛችሁ ኑ። የአዛውንቶቹን ድምፅ በስልካችሁ ቅዱ፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩልን እነሱ ናቸው።