ልጄ ጠዋት ሻይ የማትጠጣበት ምክንያት፦ ለአካባቢያችን የትምህርት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሁለቱ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብለው በዚያው ቀሩ። ሦስተኛውን ይዤ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩ። ደጅ መጥናት ስለሰለቸኝ የጅማ ሰው እየሰማ እጽፍልዎታለሁ።

ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው። ጠዋት ሻይ ስቀዳላት ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ ታደርገዋለች። መጀመሪያ አሟት መስሎኝ ነበር። አጥብቄ ስጠይቃት «እማዬ፣ ከጠጣሁ እዚያ መሄዴ ነው» አለችኝ። እዚያ የምትለው የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት ነው። አራት ደረጃ አለው፤ መደገፊያ የለውም። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፤ በእጇ ልያዘው ካለች ክራንቿን መልቀቅ አለባት። ባለፈው ሰኔ ዝናብ ያራሰው ደረጃ አንሸራቶ ጣላት፣ አገጯም ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ ውኃ በአፏ አይዞርም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ዋናው ችግር ኅብረተሰቡ አመለካከቱን አለመለወጡ ነው» ብለውናል። ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ኅብረተሰብ እኔ ልንገርዎ። ይህች ልጅ ስትወለድ የገዛ እናቴ «ከቤት አታውጫት፣ የሰው መሳለቂያ አታድርጊያት» ብላኛለች። ዛሬ የሰፈር ልጆች ቦርሳዋን በየተራ ይይዙላታል። አንድ ልጅ «አንካሳ» ብሎ ቢጠራት አባቱ እጁን ይዞ ቤታችን ድረስ አምጥቶ ይቅርታ አስጠይቆታል። ጭቃ ሲሆን የባጃጁ ሾፌር ከግቢው በር ሳያደርሳት አይመለስም። ቡና በተሸጠ ሰሞን ደግሞ የእድራችን ሰዎች ተሰብስበው ሲሚንቶና አሸዋ ለማዋጣት ተስማሙ፤ ግንበኛውም ከመካከላችን ነው። ደረጃውን አፍርሰን ተዳፋት መወጣጫ እንሥራ ብለው ፈርመው አስገቡ። ከእርስዎ የጠየቁት አንዲት የፈቃድ ደብዳቤ ነበር። «ከዓመቱ ዕቅድ ውጭ ነው» ተባሉ። አመለካከቱን ይለውጥ የተባለው ሕዝብ በገዛ ገንዘቡ ሊሠራ በርዎ ድረስ መጣ፤ የመለሱት እርስዎ ነዎት።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ መጸዳጃ ቤቱንም ለይቶ ጠቅሷል። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ልጄ የተወለደችው ከሁለቱም በኋላ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ፈቃዱን ይስጡን፤ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን። አስቀድመው ማጣራት ከፈለጉ በዕረፍት ሰዓት ይምጡ። ጓደኞቿ ወደ ጓሮ ሲሮጡ እርሷ የክፍሉን በር ተደግፋ ቆማ ያገኟታል።

እናቷ፣ ከጅማ