ድንቅነሽ የየትኛው ትምህርት ናት?

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፣

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «የአድዋ ድል ስንት ዓመት ሆነው?» አልኳት። «በ1888 ነው» ብላ ቶሎ መለሰች። «እሺ፣ ከ2018 ላይ ቀንሺዋ» ስላት ግን እርሳሷን አስቀምጣ አየችኝ።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ሒሳብ አይደለም!»

መቀነስ ጠፍቷት አይደለም። ባለአራት አሃዝ ቁጥር እየተበደረች ልቅም አድርጋ ትቀንሳለች። ግን ሒሳብ ከሒሳብ ደብተር ወጥቶ ሌላ ቦታ ይሠራል ብላ አታስብም። እንዴት ታስብ? ደወል ሲደወል ሒሳብ ይዘጋል፣ አማርኛ ይከፈታል። ከዚያ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት (ይቺን ስም ለመልመድ እኔም ጊዜ ወስዶብኛል)። ሁሉም የየራሱ ደብተር አለው።

የአካባቢ ሳይንስ ደብተሯን ገለጥኩት። «የውሃ ጥቅሞች፦ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለንጽህና።» ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። የቀበና ወንዝ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው። ደብተሩ ውስጥ ግን ቀበና የለም።

እሁድ ዕለት ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳት። ድንቅነሽ ፊት ብዙ ቆመች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያህል እንደነበር ነገርኳት። ቤት እንደገባን የእናቷን የልብስ ሜትር አውጥታ የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችና፣ «ለኪኝ!» አለች እናቷን። በ20 ሳንቲም በልጣታለች። ከዚያ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር የት እንደሆነ ካርታ ላይ ፈልጋ አፋር ላይ አገኘችው። የድንቅነሽን ዕድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመትን፣ በቁጥር ጽፋ ዜሮዎቹን ቆጠረች፤ አምስት ሆኑ። ማታ ስለ ድንቅነሽ ግማሽ ገጽ ጻፈች፣ ሥዕልም ጨመረችበት። ማንም አላዘዛትም። ታዲያ ይህ የየትኛው ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው?

መምህራኑን አልወቅስም። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ከተማ አቀፍ ፈተናው ይጠብቃል።

የምጠይቀው በወር ግማሽ ቀን ነው። የአንድ ክፍል መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ይምረጡ፤ ድንቅነሽም ትሁን፣ ቀበናም ይሁን፣ ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያም ይሁን። ልጆቹ ሄደው ይዩት፣ ይለኩት፣ ይጻፉበት፣ ይሳሉት። በመሃል ከተማ ላለን አውቶቡስ እንኳ አያስፈልግም፤ ብሔራዊ ሙዚየሙም አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በእግር ይደረሳሉ። ዳር ላይ ላሉት ትምህርት ቤቶች ትራንስፖርቱን እናንተ ታውቁበታላችሁ።

ሥራው በየትምህርቱ ማርክ ይያዝለት። እውነቱን እንነጋገርና፣ ማርክ የሌለውን ነገር እኛ ወላጆችም ዞር ብለን አናየውም።

ይህንኑ ለልጄ ትምህርት ቤት ነግሬያቸው ነበር። ሐሳቡን ወደውታል። «ግን ከላይ ካልታዘዘ ይከብደናል» አሉኝ። ስለዚህ ወደ ላይ ጻፍኩ። የ2019 ዕቅድ ሳይዘጋ ብታዩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት አራተኛ ክፍል ተማሪ አባት