አሥር ብልቃጥ ፍለጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ክረምት የአክስቴን ልጅ ራሷን አመማት። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ ተባለ (እኛ አገር መቼም ታይፎይድ ያልተባለ በሽታ የለም)፣ በሦስተኛው ሳምንት አንገቷ አልታጠፍ ሲልና ዓይኗ ሲደበዝዝ ደግፈን ሆስፒታል ወሰድናት። ከጀርባዋ ፈሳሽ ተወስዶ ሲታይ የፈንገስ ማጅራት ገትር ነው። ሐኪሞቹ ክሪፕቶኮካል ይሉታል። አብዝቶ የሚይዘው ኤችአይቪ ኖሮባቸው የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን ነው። እሷም ለማንም ሳትናገር መድኃኒቷን ካቋረጠች ቆይታ ነበር።

ወረቀት ተሰጠን። በደም ሥር የሚሰጥ አምፎቴሪሲን ቢ፣ ሊፖሶማል የሚባለው (በስብ ቅንጣት ውስጥ ተጠቅልሎ የተሠራው) ዓይነት፣ 12 ብልቃጥ። «እኛ ጋ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን።

ሁለት ቀን ሙሉ ከመርካቶ እስከ ሜክሲኮ ያልረገጥነው መድኃኒት ቤት የለም። ከድካሙ የባሰው ሰው ተሰልፎ እየሰማ «ለምን በሽታ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። ምን ትለዋለህ? በመጨረሻ አንድ ሰው በስልክ ከሻጭ ጋር አገናኘን። ዋጋውን ስትሰማ አክስቴ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች።

የዚያን ማታ ስልኬን ስጎረጉር ነው የባሰ የተናደድኩት። አምራቹ ጊሊያድ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ መድኃኒት ለዚሁ በሽታ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው 116 አገሮች፣ ባለ 50 ሚሊግራሙን ብልቃጥ በ16.25 ዶላር እንደሚሸጥ አስታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ በኪሎ 10 ሚሊግራም ተሰጥቶ፣ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል የሚባሉ የፈንገስ መድኃኒቶች 14 ቀን እንዲዋጥ መከረ። ጥናቱ የተሠራውም ሩቅ አይደለም፤ ኡጋንዳ፣ ማላዊ፣ ቦትስዋና፣ ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ ነው። እስቲ አስሉት። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 10 ብልቃጥ፣ 162 ዶላር ተኩል። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ግን እኛ ከከፈልነው ጋር አይገናኝም።

ይህን ዋጋ ደግሞ እኔና አክስቴ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመን አናገኘውም። በጅምላ የሚገዛው አካል አዝዞ ሆስፒታል ማድረስ አለበት። ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል በዚህ ጋዜጣ ይመልስልን፦ በዚያ ዋጋ ስንት ብልቃጥ ታዘዘ? የትኞቹ ሆስፒታሎች ደረሰ? ይኸው መድኃኒት ለካላዛር (የአሸዋ ዝንብ ለሚያስተላልፈው በሽታ) ሲሆን ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በእርዳታ ሲሰጥ ቆይቷል። ሁመራና መተማ ለሥራ ወርዶ ካላዛር ለያዘው ምስኪን መንገድ ከተገኘ፣ ለእኛ እንዴት ጠፋ?

እስከዚያው ያው ወረቀት ለሚሰጠው ሰው አንድ ሁለት ነገር ልበል። በሽተኛው ሳይመዘን አትግዙ። የእኛ 12 ብልቃጥ 60 ኪሎ ትሆናለች ተብሎ በግምት የተጻፈ ነው፤ ስትመዘን 48 ሆነች፣ 10 በቃት። ሌላው፣ ርካሽ ተገኘ ብላችሁ ዘላችሁ አትግዙ። ስሙ ያው አምፎቴሪሲን ቢ የሆነ የድሮ ዓይነት አለ። ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ ሐኪም ካዘዘውም ይሠራል፣ ነገር ግን ኩላሊት ይጎዳል፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ በቀን የሚሰጠውም በኪሎ 1 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በሊፖሶማሉ ልክ ከተሰጠ ሰው ይገድላል። ካርቶኑን ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ ሳታሳዩ ብር አታውጡ። ወደ ስልክ ነጋዴ ከመሄዳችሁም በፊት ከነማንና ቀይ መስቀልን ጠይቁ።

እሷ ተሽሏት ቤቷ ገብታለች፣ መድኃኒቷንም ጀምራለች። የተረፉትን ሁለት ብልቃጦች ሻጩ አልመልስም አለ፣ ሆስፒታሉም ከውጭ የመጣ አንቀበልም አለ። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ