የፈረሱ ጣቢያዎች፣ የቀሩ ስሞች

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በየቆመበት ስፍራ ሻይ ቤትና ጉልት ያላቸው ትንንሽ መንደሮች ማብቀላቸውን፣ አሮጌው ባቡር ሲቀርም አንዳንዶቹ መመናመናቸውን ከአዳማ ወደ መተሐራ እንመላለስ የነበርን ሰዎች በዓይናችን አይተናል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር እነርሱ ዘንድ አይቆምም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቤቶቹ ይልቅ ስሞቹ ናቸው። አዳማ ራሷ ስሟን ያገኘችው በኦሮምኛ «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ተብላ ስትጠራ እንኳ ያ ስም ከባላገሩ አፍ አልጠፋም። በአዋሽ ዳር ያሉትን መልካ ቁንጡሬንና መልካ ወረርን የሚሰማ ሰው፣ «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ መሆኑን ካላወቀ «መልካም» ከሚለው ቃል ጋር ሊያዛምደው ይችላል፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ለገሃርም ቢሆን የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በአሮጌው ሀዲድ ዳር የቀሩ አዛውንቶችን እያነጋገረ የየመንደሩን ስምና ትርጉም በተከታታይ እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ