የሱፐርኮንዳክተር ዜና ስትጽፉ ማግኔቱን አትርሱት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሱፐርኮንዳክተር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው ቁስ በበቂ ሁኔታ ከቀዘቀዘ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ብክነት ያስተላልፋል ብላችኋል። አጠገቡ ጠንካራ ማግኔት ሲኖር ነገሩ ይለወጣል።

ክፍል ውስጥ የማሳየው ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ትንሽ ጥቁር ቁራጭ አለኝ። ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ላም ከሚያዳቅሉ ባለሙያዎች እለምናለሁ፤ እነሱ የኮርማ ዘር የሚያቆዩት በዚሁ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ቁራጩን ከማግኔት አጠገብ አድርጌ ሳቀዘቅዘው ማግኔቱ ሳይነካው ከላዩ ይንሳፈፋል። ማግኔቱን ወደ ላይ ሳነሳው ደግሞ ቁራጩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይከተለዋል። ተማሪዎቼ «ማን ይዞት ነው?» ይላሉ።

የማግኔቱ መስክ በቀጫጭን መስመሮች ተከፋፍሎ ቁራጩ ውስጥ ይገባል። በየመስመሩ ዙሪያ ኤሌክትሪክ ይሽከረከራል። ቁራጩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን እንከኖች መስመሮቹን ጨምድደው ይይዟቸዋል። እስከተያዙ ድረስ ብክነት የለም። ግን በዚያ ቅዝቃዜም ሙቀት ፈጽሞ አልጠፋም፤ መስመሮቹን ያነቃንቃቸዋል። ተላቀው መንሸራተት ከጀመሩ ቁሱ ገና ሱፐርኮንዳክተር እያለ ብክነቱ ይመለሳል።

ዲግሪ ብቻ መጻፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ቢስመዝ የተባለ ብረት ያለበት አንዱ ዓይነት ከዜሮ በታች 163 ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ የእኔው ቁራጭ 180 ድረስ መውረድ አለበት። በዲግሪ ቢስመዙ ይበልጣል። በናይትሮጅን ቅዝቃዜ፣ ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ግን ይትሪየሙ በብዙ ይበልጠዋል። የቢስመዙ የመዳብ ንብርብሮች በደንብ ስላልተያያዙ መስመሩ እንደ ተደረደረ ሳንቲም ነው፤ ሙቀት በቀላሉ ይበታትነዋል።

ማግኔት ለእነዚህ ቁሶች ባዕድም አይደለም። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቤድኖርዝና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1986 ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ላቦራቶሪ ያገኙት የመጀመሪያው የመዳብና የኦክስጅን ሱፐርኮንዳክተር፣ መነሻው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ነው። እያንዳንዱ የመዳብ አተም ትንሽ ማግኔት ሆኖ፣ ከጎረቤቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ ይቆማል። በቁሱ ውስጥ ካለው ላንታነም ከተባለ ንጥረ ነገር ጥቂቱ በባሪየም ሲተካ ያ አሰላለፍ ይፈርስና ሱፐርኮንዳክተሩ ይመጣል። ብክነቱ እንዲጠፋ ኤሌክትሮኖቹን ሁለት ሁለት አድርጎ የሚያጣምራቸው የዚያ ማግኔትነት ቅሪት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ይሄ ነው።

እባካችሁ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ከዲግሪው ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ በስንት ቴስላ (የማግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ) መስክ ውስጥ፣ ስንት አምፔር ተሸክሞ? ሽቦው ተጠምጥሞ ማግኔት የሚሠራበት ከሆነ ከራሱ መስክ የሚሸሽበት የለውም።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ