የጓሮው ካርታ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን አጥፍቼ በመክረሜ ይቅር በለኝ። ምክንያት መደርደሩን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የአንተ እውቀት በጣም አስፈልጎኛልና።

ዛሬም እዚሁ ጌዴኦ ዞን ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ መረጋገጥ፣ የተመረተበት ማሳም በካርታ ላይ መጠቆም አለበት። የሚተገበርበት ጊዜ ቢራዘምም የማሳ ምዝገባው እዚህ ተጀምሯል። ደን ይጠበቅ መባሉን እኔም ከልቤ እደግፋለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ የመመዝገቢያው ነገር ነው።

በቅርቡ ከመዝጋቢዎቹ ጋር አንድ አዛውንት ጓሮ ገብቼ ነበር። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ መሬቱ ላይ ጎደሬና ጎመን፤ በዋንዛው ግንድ ላይ የቦዬ ሐረግ ተጠምጥሟል፣ ከቅርንጫፉ ቀፎ ተሰቅሏል። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ዋና ሰብል» ከሚለው ፊት «ቡና» ብሎ ሞላ። አዛውንቱ «እንሰቱስ?» ብለው ጠየቁት። ቅጹ ከአንድ ሰብል በላይ እንደማይቀበል ሲነግራቸው «ልጄ፣ ቡናው ለገበያ ነው፤ ቤቱን የሚያበላው እኮ እንሰቱ ነው» አሉት። የዛፉ ጥላ የሳተላይቱን ምልክት ስላዳከመውም የማሳቸው ነጥብ ከጎረቤት አጥር ውስጥ ወደቀ። አንገታቸውን ደፍተው ዝም ሲሉ ሳይ አንተ ትዝ አልከኝ።

ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ፐርማካልቸር ብለው ያቀረቡት አሠራር፣ ዛፍ፣ ሰብልና እንስሳ እንደ ደን ተደጋግፈው እንዲኖሩ አድርጎ እርሻን መንደፍ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ግን ይህን ከአባቱ ወርሶ ሲኖርበት ቆይቷል። ብርብራው ናይትሮጅን ለአፈሩ ያበጃል፣ የረገፈው ቅጠል ገላውን ያለብሰዋል፣ እንሰቱ ግንዱ ውስጥ ውኃ ይዞ ድርቁን ይሻገራል። መልክዓ ምድሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም ስለዚህ ነው። ሴንቲነል ሁለት የተባሉት ሳተላይቶች ግን በየአምስት ቀኑ ቢያልፉም አሥር ሜትር በአሥር ሜትር እየከፈሉ የሚያዩት የዛፉን አናት ብቻ ነው። ስለዚህ ጓሮው በካርታው ላይ ደን ተብሎ ሊሰፍር፣ ነገ ገበሬው ያረጀ ዋንዛ ለጣውላ ሲቆርጥም ደን መነጠረ ሊባል ይችላል። ጥላውን ጠብቆ ያኖረው ሰው በጥላው ምክንያት ገበያ እንዳያጣ እፈራለሁ።

አፈር ተምረህ ወደ ኮምፒውተር የኮበለልክብን አንተ ነህና ዕዳህን የምትከፍልበት ጊዜ ደርሷል! ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ የጓሮውን ሰብሎች ከላይ እስከ ታች በየደረጃቸው የሚመዘግብ፣ ከሥር የተነሣ ፎቶግራፍ ከነቀኑና ከነቦታው የሚያስቀምጥ፣ ማንበብ ለማይችሉም በጌዴኦ ቋንቋ በጌዴኡፋ በድምፅ የሚጠይቅ የስልክ መተግበሪያ እንሥራ። አጠውልግ የያዘው እንሰት ሲገኝም ወዲያው ቢመዘገብበት፣ በሽታው በቢላዋ ወደ ጎረቤት ጓሮ ሳይሻገር እንደርስበታለን። ገበሬው የሚተክለውን ራሱ ያውቃል፤ ከስልኩ የሚፈለገው እውቀቱን ሳይቆራርጥ መያዝ ነው።

እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ቸግሮኝ ቆየሁ እንጂ፣ የምከፍልህ ገንዘብ የለኝም። ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር። ሌላም ስጋት አለኝ፤ መረጃው የቡና ገዢው ንብረት ሆኖ ገበሬው የገዛ ማሳውን ካርታ ለምኖ እንዲያይ አልፈልግም። መዝገቡ በማኅበራቸው እጅ የሚቆይበትን መንገድ አብረን ብናስብበት ደስ ይለኛል።

የቡናው ለቀማ በኅዳር ይደምቃልና ያን ጊዜ ብትመጣ ጓሮውን በዓይንህ ታያለህ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር መልስልኝ፦ ስልኩ ከዛፍ ሥር ቆሞ ቦታውን ደጋግሞ ቢለካና አማካዩን ቢወስድ፣ ነጥቡ ከአጥሩ ሳይወጣ ይቀራል?

አክባሪ ወንድምህ